ማረሻ የታጣበት ክረምት

ልጅ ያለው ሰው ሁሉ «ልጅህ ሲያድግ ምን ይሁንልህ?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱም ያው ነው። አንዱ ጸሐፊ ይሁንልኝ ይላል፤ ሌላው ዳኛ፣ ሌላው ቄስ፣ ደፈር ያለው ደግሞ ሹም። ብረት ሠሪ ይሁንልኝ የሚል ወላጅ እኔ እስካሁን አልገጠመኝም። ብረት ሠሪው ባሾለው ማረሻ የታረሰ እህል እየበላ፣ ሰውየውን በስሙ መጥራት የሚጸየፍ ግን በየደጁ ሞልቷል። የእኛ የደብረ ታቦር ሰውማ ይብሳል። ጋፋት ላይ መድፍ ተሠራ እያለ ሲኮራ ይውላል፤ ብረት የሚቀጠቅጥ ጎረቤቱ በመንገድ ሲያልፍ ግን ልጁን በነጠላው ይሸፍናል።

ይህን የምለው ወገኔን ለመሳደብ አይደለም። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን በዚህ ንቀታችን የደረሰብንን ነገር ማውራት ስለፈለግሁ ነው። ታሪኩ የአንድ መምህር ታሪክ ነው። መምህሩ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ጥሩ ሰው መሆን ብቻውን ግን ሁልጊዜ አይበቃም።

መምህር ወልደሚካኤል በልጅነታቸው ዳዊት ደግመው፣ ድቁና ተቀብለው ነበር። ከዚያ ከነጋዴዎች ጋር ወደ አስመራ ተሻገሩ። እዚያ የአንድ ንግድ ቤት መጋዘን እየጠበቁ፣ ከሥራ ሲወጡ የንግድ ትምህርት በሚሰጥበት ቤት ተማሩ። ጠላት ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሰው ሁሉ ሱቅ ይከፍታሉ ብሎ ሲጠብቅ እሳቸው ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ትምህርት ቤቱ ማንበብና መጻፍ፣ ሒሳብም ያስተምራል። በገበያ ቀን ግን መምህሩ ተማሪዎቻቸውን ባዶ እጃቸውን ገበያ ይልኳቸዋል። ሲመለሱ ምን ተሸጠ ብለው አይጠይቁም። «ሰው ምን ፈልጎ አጥቶ ተመለሰ?» ነበር ጥያቄያቸው። ተማሪዎቹ የታጣውን ነገር ይናገራሉ፤ ከዚያ ያ ነገር ከምን እንደሚሠራ፣ ማን ሊሠራው እንደሚችል፣ በምን እንደሚጀመር ሲከራከሩ ይውላሉ። ሙላቴ የሚባለው ተማሪያቸው ከሞራና ከአመድ ሳሙና መሥራት የጀመረው እንዲህ ተከራክሮ ነው። ሌላው የጭነት ገመድ መግመድ ያዘ። መምህሩ ይህን ሁሉ «ሥራ የመጀመር ትምህርት» ይሉት ነበር። ደሞዝ የሚሰጣችሁን ሰው ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፣ ጎረቤታችሁ የቸገረውን ነገር ተመልከቱ ይሏቸዋል።

ወላጆች ያጉረመርሙ ነበር። ለጽሕፈት የላኩት ልጅ ሞራ ሞራ እየሸተተ ሲመለስ ማን ደስ ይለዋል? ቢሆንም ሳሙናው ቤት ስለገባ፣ ገመዱም ስላገለገለ፣ ጉርምርምታው ከደጅ አልወጣም።

ጣሊያን ገብቶ ከከተማው በላይ ምሽግ ሲሠራ ግን የመምህሩ ኑሮ ሁሉ ሥጋት ሆነ። ገበያ መሃል ቆሞ የሰው ወሬ የሚያዳምጥ ወጣት፣ ለጣሊያን የአርበኛ ሰላይ፣ ለአርበኛው ወዳጅ ደግሞ የባንዳ ጆሮ ይመስላል። መምህሩ በገበያ ቀን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ የመጨረሻው ተማሪ እስኪመለስ እህል አይቀምሱም ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈች ይህ ነገር ይቅርብዎ ብለው ለምነዋቸው ነበር። መምህሩ እሺ ይላሉ፤ የሚቀጥለው ገበያ ሲደርስ ግን መላካቸው አይቀርም።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ግንቦት ገባና ሰማዩ መዳመን ጀመረ። ተማሪዎቹ ከገበያ ይዘውት የሚመጡት ወሬ አንድ ሆነ፤ ገበሬው ማረሻ የሚያሾልለት አጥቷል። የምሽጉ አዛዥ ብረት ሠሪዎች ለአርበኛ ጠመንጃ ይጠግናሉ ብሎ፣ ከየመንደሩ አስለቅሞ ወደ ምሽጉ አስገብቷቸዋል። እዚያ የመኪና መንገድ ለሚቆፍሩት ሰዎች ዶማ ይቀጠቅጣሉ። ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር ከነበሩት የብረት ሠሪ ቤቶች ውስጥ ጭስ የሚታየው በአንዱ ብቻ ነበር። እሱም የማሩ ቤት ነው። ማሩ ተወስደው ባለቤታቸው ትርንጎ ብቻቸውን ቀርተዋል። እኔ ትርንጎን አንቱ እላቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን በዕድሜ የገፉ ሴት ሆነው ሳሉ አንቱ የሚላቸው አልነበረም።

ትርንጎ ከባላቸው ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ሲሠሩ ኖረዋል፤ ሙያውን ያውቁታል። ነገር ግን አንድ ሰው ወናፍ እየነፋ እሳቱን ሳያቀጣጥል ሌላው መዶሻ ማንሳት አይችልም። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ማረሻው የዶለዶመበት ገበሬ ደግሞ መሬቱን ይቧጥጣል እንጂ አያርሰውም። ዝናቡ ጠንክሮ የገብሱ ጊዜ ካለፈ ያ ዓመት አለፈ ማለት ነው። ጎተራው ባዶ፣ ጠላት በላዩ፣ ልጆች በጉያው ሆኖ ማን ክረምቱን ይሻገራል? መምህር ወልደሚካኤል እንቅልፍ ያጡት በዚህ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆችን በየመንገዱ እያስቆሙ አነጋገሩ። ተማሪዎቼ በየተራ ከትርንጎ ዘንድ ሄደው ብረት ሥራ ይማሩ፣ ሙያውም ለነገ ይሆናቸዋል፣ ገበሬውም ይድናል አሉ። አንዳንዱ መሬት መሬት አየ፤ አንዳንዱ አማተበ። ያገሬ ሰው ብረት ሠሪውን ጠይብ ይለዋል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው ብሎ ያምናል። ከእሱ ጋር ማዕድ አይቀርብም፤ ልጁንም አያገባም። ከሁሉም መናገር የደፈሩት ግራዝማች ፈንታሁን ነበሩ። በአካባቢው ቃላቸው የሚሰማ ባላባት ናቸው።

«መምህር፣ ሳሙናውን ዝም አልንዎት፤ ገመዱንም ዝም አልንዎት» አሉ ግራዝማች። «አሁን ደግሞ ልጆቻችንን ለቡዳ ሊያስረክቡ ነው? ነገሩ ይህን ያህል ካማረዎት የራስዎን ልጅ ይላኩ።»

እውነቱን ለመናገር መምህሩ ይህን አላሰቡትም ነበር። አንድ ልጃቸው ደሳለኝ ጢሙ ገና ማቆጥቆጥ የጀመረ ዲያቆን ነው፤ ወደፊት ቅስና እንዲቀበል ነበር ምኞታቸው። የሰው ልጅ ሲልኩ የራሳቸው ትዝ አላላቸውም። ሰው ሁሉ እያያቸው ፊታቸው ቀላ፤ ከዚያ «እልካለሁ» አሉ።

ቤት ሲገቡ ወሬው ቀድሟቸው ወይዘሮ አሰለፈች ዘንድ ደርሷል። እያለቀሱ አልነበረም የተናገሩት፤ ቁርጥ ባለ ድምፅ ነበር።

«ለሰው ልጅ ያስተማሩትን ለሰው ልጅ ይተዉት። የእኛ አንድ ነው።»

«ለእኛ ልጅ የማይሆን ትምህርት ከሆነ፣ አሰለፈች፣ ለማንም አይሆንም» አሉ መምህሩ። ደሳለኝ ግን አልተከራከረም። ገና ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያ ብረት እንደ ፍም ቀልቶ ሲመታ በሩቅ እያየ፣ ቀርቦ ማየት ተከልክሎ ነው ያደገው። ደስታውን ከእናቱ ደበቀ።

በማግስቱ አባትና ልጅ ወደ ትርንጎ ቤት ወረዱ። ትርንጎ ደጃፋቸው ላይ ቆመው የመጡበትን ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጌታዬ፣ ይቅርብኝ» አሉ። «ልጅዎ ራሱን ባመመው ቀን በላችው የምባለው እኔ ነኝ። ባሌ እንኳ አጠገቤ የለም።»

«ያን ቀን እኔ ፊትሽ እቆማለሁ» አሏቸው መምህሩ።

ትርንጎ ከደጃፉ ፈቀቅ ብለው ልጁን አስገቡት።

ደሳለኝ መጀመሪያ ወናፍ መንፋት ተማረ። ቀላል መስሎት ነበር፤ ክንዱ ዝሎ እጁን ወደ አፉ ማንሳት ሲያቅተው ነው ሥራነቱ የገባው። ከዚያ ትርንጎ ጉጠቱን አስያዙት፤ ቀጥለውም መዶሻውን። ከፍሙ የወጣ ማረሻ ጫፉ ተስቦ ሲሾል ማየት ልጁን እንቅልፍ የሚያሳጣ ነገር ሆነ። ወሬው ሲሰማ ገበሬው ከየአቅጣጫው መጣ። ታዲያ አመጣጡ ያስቃል። ማረሻውን ከቤቱ ራቅ አድርጎ ድንጋይ ላይ ያስቀምጥና ዞር ብሎ ይቆማል፤ ሲሾልለት አንስቶ፣ ወንዝ ወርዶ አጥቦ፣ አማትቦ ይሄዳል። በዚያው ማረሻ ያረሰውን ገብስ ግን ሳያማትብ ሊበላ ነው።

አንድ ቀን ከምሽጉ አስካሪ የሚባሉት የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች መጥተው ቤቱን በረበሩ። የጠመንጃ ዕቃ ፈልገው ማረሻ ብቻ አገኙ። አንዲት የጠመንጃ ምስማር ብትገኝ ቤቱን ከነሰዎቹ እናቃጥለዋለን ብለው ሄዱ። መምህሩ ይህን ከሰሙ ወዲያ ልጃቸው ወደ ሥራ ሲወርድ መንገዱን እያዩ፣ ሲመለስ ኮቴውን እያዳመጡ የሚኖሩ ሆኑ። ቢሆንም ማረሻው እየሾለ፣ መሬቱ እየታረሰ ነበር። እንዲህ ከቀጠለ አገሩ ለክረምቱ ይደርሳል የሚል ተስፋ ይዟቸው ነበር።

ሰኔ ሊገባ ሲል ደሳለኝ ታመመ። ራሱን አመመው፤ ቀጥሎ ትኩሳቱ እንደ ምድጃ ነደደ፤ ከዚያም መቃዠት ጀመረ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ግራዝማች ፈንታሁንም መጥተው ከራስጌው ተቀመጡ። በእኛ አገር በሽተኛ ሲቃዥ «ማን በላህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የጠራውም ስም እንደ ምስክር ቃል ይያዛል። ደሳለኝን ሲጠይቁት ዓይኑን ሳይገልጥ ተንፈራገጠ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ንፊው። እሳቱ ሊጠፋ ነው» አለ።

ሰዉ የሰማው ስሙን ብቻ ነው። ወይዘሮ አሰለፈች ደረታቸውን መቱ። ተናገረ፣ ተናገረ የሚለው ወሬ ከቤት ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ መንገድ ወጣ። የበላው ሰው ተይዞ ይምጣ፣ በልጁ ላይ እንትፍ ይበልና ይልቀቀው ተባለ። ይህ የኖረ ልማድ ነው። ሁሉም ወደ መምህሩ ዞሮ ቃላቸውን ጠበቀ።

መምህር ወልደሚካኤል የሚያውቁትን ያውቁ ነበር። ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት የሚውል ልጅ ሲቃዥ እሳት ቢያይ፣ የአስተማሪውን ስም ቢጠራ ምን ይገርማል? ይህን ለመናገር አፋቸውን ሊከፍቱ ነበር። የልጃቸው ትንፋሽ ግን ቁርጥ ቁርጥ ሲል ሰሙ። እንዲያ የፈሩበት ቀን አልነበረም። ምናልባትስ እውነት ቢሆን? ምናልባት እኔ በትምህርቴ ስኩራራ ልጄን አስበልቼ ቢሆንስ? ያ ሁሉ ያስተማሩት ነገር በዚያች ሰዓት ጥሏቸው ሄደ።

«እስቲ ትምጣ» አሉ መምህሩ። «እንትፍ ብትልበት ምን ይጎዳል?»

ምን እንደሚጎዳ ወዲያው ታየ። ጎረምሶቹ ትርንጎን እየጎተቱ አመጧቸው። ሻሻቸው ወድቋል፤ አንድ እግራቸው ይደማል። ቤት ሲገቡ ከሰው ሁሉ መሃል መምህሩን ፈልገው አዩ።

«ጌታዬ፣ ፊትሽ እቆማለሁ ብለውኝ ነበር» አሉ።

መምህሩ ልጃቸውን እንጂ እሳቸውን አላዩም። ትርንጎ የታዘዙትን አደረጉ፤ እንትፍ አሉና ወጡ። ትኩሳቱ ግን አልበረደም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጎረምሶቹ ወደ ትርንጎ ቤት ሄደው ወናፉን በቢላ ቀደዱት፤ የብረት መቀጥቀጫውን መስፍም ገደል ሰደዱት። ትርንጎ መጎናጸፊያቸውን ብቻ ይዘው አገሩን ለቀው ሄዱ። የት እንደሄዱ የጠየቀ አልነበረም። የመጨረሻው ጭስ እንዲህ ጠፋ።

ዝናቡ ጠነከረ። ገበሬው የዶለዶመ ማረሻ ይዞ ወደ ገሳይ መንገድ ይመጣና የተዘጋውን ቤት አይቶ ይመለሳል። ማረሻውን በድንጋይ ለመሳል የሞከረ ነበር፤ ጫፉን ሰበረው። ከድግሩ ላይ ፈቶ የተወውም ነበር። ከዚያ ደግሞ በሽታው ከመምህሩ ቤት አልፎ ሌላ ቤት ገባ። የግራዝማች ፈንታሁን ትልቋ ልጅ ላቀች ወደቀች። እንደ ደሳለኝ ራሷን አመማት፤ እንደ ደሳለኝ ነደደች።

ላቀች የትርንጎን ቤት በሩቅ እንኳ አይታው አታውቅም። ትርንጎም አገር ውስጥ የሉም። ማን በላሽ ብለው ሲጠይቋት እናቷን ጠራች። ሌላ ጊዜ የሞተች አያቷን ጠራች። ቡዳ ይዟታል ብለው በር ዘግተው፣ ጭስ አጭሰው፣ የሚያነጥሳትን ሥር አፍንጫዋ ላይ ይዘውባት ዋሉ። ልጅቱ ውሃ ስትል ውሃ አይሰጣትም፣ የበላት እስኪለቅ ይቆይ ተባለ። በሰኔ ሚካኤል ሰሞን ሞተች።

ለቀብሩ የመጡ ሰዎች ወሬ አመጡ። መንገድ ከሚቆፍሩት ሰዎች ሠፈር ተስቦ ገብቷል፤ አስካሪውም፣ የጉልበት ሠራተኛውም እየረገፈ ነው። በሽታው ከዚያ ተነሥቶ በየቤቱ እየዞረ ነው። ግራዝማች ፈንታሁን ይህን ሲሰሙ መቃብሩ ዳር ቆመው ነበር። የሚወነጅሉት ሰው ፈልገው አጡ። ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ደሳለኝ ተረፈ። ዓይኑን ገልጦ ሰው መለየት ሲጀምር መጀመሪያ የጠየቀው፣ እሱ ከተኛ ወዲህ ወናፉን ማን እየነፋ እንደሆነ ነው። አባቱ ወደ ደጅ ወጡ። የነገሩት እናቱ ናቸው፤ አንድም ሳይደብቁ ነገሩት። ልጁ ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያቀረቡለትን አጥሚት አልቀመሰም። መምህሩ ከደጅ ቆመው ነበርና ይህን አዩ። ልጄን አዳንሁ ብለው ነበር፤ ልጃቸው ግን ከእሳቸው ራቀ።

ትርንጎ ወንዛዬ ፍል ውሃ ከሚታጠቡት በሽተኞች መካከል ተጠግተው እንዳሉ ከአንድ መንገደኛ ተሰማ። መምህሩ ለመሄድ ሲነሡ ወይዘሮ አሰለፈችም ነጠላቸውን አደገደጉ። «ስሟን ይዤ ወደ ደጅ የጮኽሁት እኔ ነኝ» አሉ። መምህሩ ከምሽጉ የይለፍ ወረቀት ለመኑ፤ ባለቤቴን ለጉልበት ሕመም ፍል ውሃ ላስታጥባት ነው ብለው። በየድልድዩ አስካሪ ያስቆማቸዋል፤ ወረቀቱን ገልብጦ ያያል፤ ለአርበኛ ስንቅ ይዛችሁ እንዳይሆን ብሎ ከረጢታቸውን ይበረብራል። የሚጠይቋቸውን ሁሉ እየዋሹ፣ አንድ እውነት ለመናገር ተጓዙ።

ትርንጎን ያገኟቸው ከፍል ውሃው በላይ በአንዲት የቅጠል ዳስ ውስጥ ነው። ወይዘሮ አሰለፈች ከእግራቸው ሥር ተደፉ። መምህሩም ይቅርታ ለመኑ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም አንቱ አሏቸው። ትርንጎ አልተቆጡም፤ አላለቀሱምም።

«ይህ ይቅርታ እዚህ ጫካ ውስጥ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «ስጎተት ያየኝ ሰው ሁሉ ባለበት ይበሉት። ያኔ እመለሳለሁ።»

መምህሩ የተጠየቁት ቀላል ነገር አልነበረም። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሰብስቦ መናገር በአዋጅ የተከለከለ ነው፤ ምሽጉ በየቤተ ክርስቲያኑ ጆሮ አለው። የተናገረ ሰው ለአርበኛ ሰበከ ተብሎ ሊታሰር፣ ከዚያም የባሰ ሊደርስበት ይችላል። ቡዳ የለም የሚል መምህርም ካህናቱ ፊት ማን ይቆምለታል? ትምህርት ቤታቸው፣ የዕድሜያቸው ሥራ፣ በአንድ ንግግር ሊጠፋ ነው። ያን ሁሉ አሰቡት። በመጨረሻ «አብረን እንሂድ» አሉ።

እሑድ ደረሰ። ቅዳሴው አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ መምህር ወልደሚካኤል ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ወጡ። ከአጥሩ ውጭ፣ ሁልጊዜ ብረት ሠሪ በሚቆምበት ቦታ፣ ትርንጎ ቆመዋል። ከሳቸው ራቅ ብሎ አንድ የምሽጉ ሰው የዛፍ ግንድ ተደግፎ ያያል።

«ወገኖቼ» አሉ መምህሩ፣ «እኒህ ሴት ልጄን አልበሉትም። ሙያ አስተማሩት። ልጄ የታመመው በተስቦ ነው። እሳቸው እንዳልበሉት እኔ ያን ቀንም አውቄ ነበር፤ ፈርቼ ዝም አልሁ። ዝም ስላልሁ እሳቸው ተጎተቱ፤ ወናፉ ተቀደደ፤ መሬታችሁ ሳይታረስ ቀረ። የራሴን ልጅ ተማሪያቸው አድርጌ፣ ከዚያ አስተማሪውን ለሰው አሳልፌ ሰጠሁ። በድያለሁ፤ ይቅር በሉኝ።»

አንድ ሽማግሌ ቄስ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ግራዝማች ፈንታሁን እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። የለበሱት ጥቁር ነው። ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም።

«የእኔ ላቀች ውሃ እያለች ሞተች» አሉ። «ማን በላት ብዬ ስጠይቅ ሰነበትሁ። እኛው ነን።»

ይህን ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። በዚህ ጊዜ ደሳለኝ ከእናቱ ጎን ተነሣ። ገና አልጠነከረም፤ በዱላ ይሄዳል። ሰዉን ሰንጥቆ ከአጥሩ ወጣና ትርንጎ ፊት ቆመ። ከዚያ ዱላውን አስቀምጦ ዝቅ አለ፤ የቆሎ ተማሪ የኔታን እንደሚስም የትርንጎን ጉልበት ሳመ። ዲያቆን ነው፤ ካህናቱ ሁሉ ያዩታል። ትርንጎ ሊከለክሉት እጃቸውን ዘረጉ፤ ዘርግተውም ራሱ ላይ ተዉት።

«ነገ በጠዋት ና» አሉት። «ወናፉን እንሰፋለን።»

ወናፉን የሰፉት ወይዘሮ አሰለፈች ናቸው፤ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ዳር ተቀምጠው፣ ከትርንጎ ጋር ከአንድ ሳህን እየበሉ። መስፉን ከገደል ያወጡት እነዚያው የጣሉት ጎረምሶች ናቸው። ሁሉም ሰው አልተለወጠም፤ ማረሻውን አጥቦ አማትቦ የሚወስድ አልጠፋም። የገብሱ ጊዜም አልፏል። የጤፍ መሬት ብቻ ነው የተረፈው፤ ያም ለሁሉም አልደረሰም። በዚያ ዓመት ብዙ ቤት ጦሙን አድሯል፤ ልጁን ለዘመድ የሰጠም ነበር። ይቅርታ የጠፋውን ጊዜ አይመልስም።

ምሽጉም አልተኛም። ትምህርት ቤቱ ታሸገ፤ መምህሩ ታስረው ተገረፉ፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተለቀቁ። ሲወጡ ተማሪ የሌለው መምህር ሆኛለሁ ብለው ነበር። ወደ ገሳይ መንገድ ሲወርዱ ግን ሙላቴንና ጓደኞቹን በትርንጎ ደጅ ተቀምጠው አገኟቸው። አንዱ ወናፍ ይነፋል፤ አንዱ መዶሻ ያነሣል፤ ግራዝማች ፈንታሁን የላኩት የላቀች ወንድምም ከመካከላቸው ነበር። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ የመምህሩ ትምህርት ቤት ያ ደጅ ሆነ። ምሽጉ ማረሻ ሲሾል እንጂ ሰው ሲማር አላየም።

ከነጻነት በኋላ መምህር ወልደሚካኤል ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተማሩ። የራሱን ሥራ የጀመረ ስንቱ በእጃቸው አለፈ። ለአዲስ ተማሪ ሁሉ ይህን ታሪክ ስማቸውን ሳይደብቁ ይነግሩት ነበር። አንድ ጊዜ አንዱ ለምን የሚያሳፍርዎትን ይነግሩናል ብሎ ጠየቃቸው።

«ብረት ማሾል በአንድ ክረምት ይለመዳል» አሉት። «እየፈሩም ቢሆን እውነቱን መናገርን ግን እኔ ሳልማረው ነው መምህር የሆንሁት። እሱን አንተ ቀድመህ ተማር።»

እናንተም ወላጆች፣ ልጃችሁ ነገ ከእጅ ሙያተኛ ጋር ልማር ቢላችሁ አትከልክሉት። ቢታመምባችሁ ውሃ ስጡት፣ ሐኪም ፈልጉለት፤ ጎረቤታችሁን አትወንጅሉ። ላቀች የለመነችው ውሃ ብቻ ነበር።